ከዜሮ በታች ያለ ውሃ

ከቢሮአችን ሰዎች በጀልባ ወደ ሥራ የምትመጣው ዊትስከ ጋላማ ብቻ ነበረች። ቤቷ ከቦዩ ማዶ ነው፤ በብስክሌት ብትመጣ ድልድዩን መዞር አለባት፣ በጀልባ ግን ቀጥ ብላ ትሻገራለች። ሆኖም የምታረፍደው በጀልባ የመጣች ቀን ነበር። ቦዩ መሃል ስትደርስ መቅዘፏን ትተወዋለች። ጠዋት ጠዋት ከሜዳው የሚነሳው ጭጋግ ላሞቹን እስከ ሆዳቸው ይውጣቸውና እግር የሌላቸው ይመስል ነጭ ነገር ላይ ተንሳፍፈው ይታያሉ። እሷም መቅዘፊያውን ጉልበቷ ላይ አጋድማ አብራቸው የምትንሳፈፍ ትመስላለች። እኔ ከቢሮው መስኮት ሆኜ አያታለሁ። የቀዳሁላት ቡና ጠረጴዛዋ ላይ ይቀዘቅዛል።

“እስካሁን ምን ስትሠሪ ነበር?” እላታለሁ ስትገባ።

“እየመጣሁ ነበር” ትለኛለች።

እውነቷን ነው። ዊትስከ መምጣትን ራሱን እንደ አንድ ሥራ የምትቆጥር ሰው ነበረች።

የተወለደችው አባቷ በሚነዳው የጭነት መርከብ ላይ ነው። አሸዋና ጠጠር ጭነው ከግሮኒንገን እስከ ራይን ወንዝ ሲመላለሱ የእሷን አልጋ ከሞተሩ ክፍል የሚለየው አንድ የብረት ግድግዳ ብቻ ነበር። ሞተሩ እየተንተከተከ ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት። አባቷ ፍጥነት ሲቀንስ ወይም ሞተሩ አንዲት ምት ሲያጎድል ግን ብድግ ትላለች። ጩኸት እንደማይቀሰቅሳት፣ የሚቀሰቅሳት ለውጥ እንደሆነ አንድ ጊዜ አጫውታኛለች። ትምህርት ሲደርስ እንደ ሌሎቹ የመርከበኛ ልጆች አዳሪ ቤት ገባች፤ እዚያ ደግሞ ዝምታው አላስተኛትም። በኋላ ፕሮግራም መጻፍ ተማረች፣ አምስተርዳም ሄዳ ሠራች፣ አገባች፣ ተፋታች። ይህን ሁሉ የምታወራው የሌላ ሰው ታሪክ እንደምትናገር ሆና በአንድ ትንፋሽ ነው። እኛ ዘንድ ስትመጣ ሠላሳዎቹን እያገባደደች ነበር።

እኛ የዋልስተርፌን መንደር ሰዎች ከባሕሩ ዝቅ ብለን ነው የምንኖረው። የሚዘንበው ዝናብ በራሱ የሚሄድበት ስለሌለው ፓምፖች ከየቦዩ እየሳቡ ወደ ላይኛው ወንዝ ይገፉታል። ውሃው ሲበዛ ሜዳው ይሰምጣል፤ ሲጎድል ደግሞ አሮጌዎቹ ቤቶች የቆሙበት የእንጨት መሠረት አየር ያገኝና ይበሰብሳል። ስለዚህ የውሃ ጽሕፈት ቤታችን ሥራ ውሃውን ልኩ ላይ ማቆየት ነው። ፓምፖቹ መቼ እንደሚነሱና መቼ እንደሚያርፉ የሚወስነው ፕሮግራም ሲሆን ዊትስከ የመጣችው እሱን እንድትጠብቅ ነበር። እኔ ስልክ አነሳለሁ። ገበሬ ሲቆጣ የሚቆጣው እኔን ነው።

ፕሮግራሙን የጻፉት ሄሰል ብራንድስማ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጽፈውት፣ ዊትስከ ከመምጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ጡረታ ወጡ። መንደሩ ዳርቻ ባለው ደቡባዊ ቦይ ላይ፣ በጀልባ ቤት ውስጥ፣ ከድመታቸው ጋር ይኖራሉ። ረጅም፣ ቀልዳቸው ደረቅ፣ ፊታቸው የማይስቅ ሰው ናቸው። ለዊትስከ ወንበሩን ሲያስረክቡ ያሉት ነገር ቢኖር አንደኛው እግሩ እንደሚነቃነቅ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ይመስለኛል፣ ዊትስከ አንድ ነገር አገኘች። ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው የሚተረጉም ፕሮግራም አለ፤ ኮምፓይለር ይሉታል። ይሄ ኮምፓይለር ጭራሽ የማይሆን ነገር ሲያገኝ አልተረጉምም ብሎ ይቆማል። የሚሆን፣ ግን የሚያጠራጥር ነገር ሲያገኝ ደግሞ ሥራውን ሳያቆም ማስጠንቀቂያ ጽፎ ያልፋል። እንዳላችሁኝ አደርጋለሁ፣ ግን እርግጠኛ ናችሁ ወይ እንደማለት ነው። የእኛው ግን ማስጠንቀቂያ እንዳይጽፍ ታዝዞ ኖሯል። ማዘዣው አንዲት አጭር ቃል ናት፤ ማንም የማያየው ቦታ ተሰክታ ትኖር ነበር። ዊትስከ አጠፋቻት።

ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ የሆነውን አልረሳውም። መስመር በመስመር ላይ፣ መስኮት ላይ እንደሚወርድ ዝናብ፣ ማስጠንቀቂያው መፍሰስ ጀመረ። ቡናዬን ይዤ ከኋላዋ ቆምኩ። አለቃችን ሩርድም መጣ።

“ምን አደረግሽው?” አላት።

“አፉን ፈታሁለት” አለችው፤ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም።

ሩርድ ክፉ ሰው አይደለም። ነገር የሚያስፈራው ሰው ነው። ፕሮግራሙ ለዓመታት ያለ ችግር መሥራቱን፣ የሚሠራ ነገር እንደማይነካ፣ ማሽን ደግሞ ሲለፈልፍ እንደሚውል ነገራትና መልሳ እንድትዘጋው ለመናት። እሷም አልተከራከረችም። በምሳ ሰዓቷ ብቻ እንደምታነበው፣ ሌላ ሥራ እንደማታስተጓጉል ቃል ገባች። እንዲህ ተጀመረ።

በየቀኑ አጃ ዳቦዋን በአይብ እየበላች ታነባለች። አንዳንዱን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብልኛለች። እኔ ኮድ አላውቅም፤ ግን ጆሮዬ ላይ ደብዳቤ ይመስለኝ ነበር፣ ከሩቅ አገር አድራሻ ሳይኖረው የመጣ ደብዳቤ።

“‘ለዚህ ነገር ስም ወጥቶለታል፤ ግን ማንም አይጠራውም’ ይላል” ትለኛለች።

“ያሳዝናል” እላታለሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ “‘ይህ ምንም ሳይሰጠው ሊጠየቅ ይችላል’” ትላለች፤ ወደ መስኮቱ ዞር ብላም ትቆያለች። ከመስኮቱ ውጭ ስዋኖች ያልፋሉ። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከቦዩ እየተመለሰ ጣሪያችን ላይ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴ ሁለታችንም የምሳ ሰዓት ማለቁን እንረሳለን።

አብዛኛው ምንም ጉዳት የሌለው ነበር። አንዱ ግን ሁላችንንም አሳቀን። በእኛ ቢሮ የሰሜኑ ፓምፕ ዝናው የታወቀ ነው፤ አንድም ቀን የብልሽት ደወል ደውሎ አያውቅም። ሩርድ እንግዳ ሲመጣ የሚያስጎበኘው እሱን ነው። ዊትስከ ግን የሰሜኑን ፓምፕ የሚመለከት ማስጠንቀቂያ አገኘች። ኮድ ውስጥ አንድ የእኩል ምልክት ሲጻፍ መስጠት ነው፤ ሁለት ሲደረደር ነው መጠየቅ የሚሆነው። ሄሰል ሁለተኛውን ረስተውት ኖሯል። ፕሮግራሙ ፓምፑን “ደህና ነህ ወይ?” ብሎ በመጠየቅ ፈንታ፣ በየደቂቃው “ደህና ነህ” እያለው ነበር የኖረው። ዊትስከ የጎደለችውን ምልክት ጨመረች። ሳምንትም አልቆየ፣ ደወሉ ጮኸ። ሰው ሄዶ ሲያይ የፓምፑ አፍ በውሃ ሣር ታንቆ እያቃሰተ ነበር።

ሩርድ ከዚያ በኋላ ለእንግዳ የደቡቡን ፓምፕ ማስጎብኘት ጀመረ።

ሰኔ ላይ መስኮቱ ተከፍቶ የታጨደ ሣር ይሸታል። ዊትስከ አንዱ ማስጠንቀቂያ ላይ ቆየች። ምን እንደሚል ጠየቅኳት። ሁለት ዓይነት ቁጥሮች እየተነጻጸሩ ነው አለችኝ። አንደኛው ከዜሮ በታች መውረድ ይችላል። ሌላኛው ከዜሮ በታች የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። ሁለቱ ሲገናኙ ማሽኑ የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው አድርጎ ያነበዋል። ከዜሮ በአንድ ያነሰ ቁጥር ቢመጣ፣ እዚያ ቦታ ስለሌለው ዞሮ ማሽኑ ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ቁጥር ሆኖ ይገኛል።

“ትንሹ ትልቅ ይሆናል ማለት ነው?” አልኳት።

“ከሁሉም ትልቅ።”

“ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው?”

አሰበች። የውሃው መለኪያ ከቦዩ ወለል ጀምሮ ነው የሚለካው፤ ውሃ ደግሞ ከወለሉ በታች አይወርድም። ስለዚህ ያ ቁጥር መቼም ከዜሮ አያንስም። እንዲህ ብላ አስረዳችኝና ሊቆዩ ከሚችሉት ጋር አስቀምጣው ወደ ቀጣዩ አለፈች። ከውጭ የትራክተር ድምፅ ይመጣ ነበር። እኔ ያን ከሰዓት የማስታውሰው ለሣሩ ሽታ ብዬ ነው።

በመስከረም የደቡቡ ቦይ መለኪያዎች ተቀየሩ። አሮጌዎቹ ዝገው ነበር። አዲሶቹ ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ውሃው ልኩ ላይ ሲሆን ዜሮ ይላሉ፣ ከዚያ ሲያልፍ ወደ ላይ፣ ሲጎድል ከዜሮ ወደ ታች ይቆጥራሉ። ሁላችንም ወደድናቸው። ገበሬ ደውሎ ውሃው እንዴት ነው ሲለኝ ዜሮ ነው እለዋለሁ፤ ዜሮ ማለት ሰላም ማለት ሆነ። ሳምንታት ሙሉ ዘነበ። ፓምፑ ትርፉን እየሳበ፣ ልኩ ጋ ሲደርስ እያረፈ፣ እንደ ልማዱ ሠራ። ከልኩ በታች የሚወርድበት አጋጣሚ አልነበረም።

ከዚያ ዝናቡ ቆመና የምሥራቅ ነፋስ መጣ። ደረቅ፣ ሳይቋረጥ የሚነፍስ ነፋስ ነው። እንዲህ ያለ ነፋስ የቦዩን ውሃ ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል፤ በሌላኛው ዳር ትንሽ ይጎድላል። ትንሽ ነው። አንድ ጣት የማይሞላ ነገር።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ። ሄሰል ነበሩ።

“ባውክዬ” አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ “ከአልጋዬ ተንሸራትቼ ግድግዳው ላይ ተኝቻለሁ። ውሃዬን ማን ወሰደው?”

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ቤታቸው ዘምሞ ጭቃ ላይ መቀመጡን፣ ድመታቸው የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ሆና እንደማትወርድ፣ በመስኮት ሲያዩ ዳክዬዎቹ ዋና ትተው በእግራቸው እየሄዱ መሆኑን ነገሩኝ። ይህን ለሌሎቹ ስናገር ዊትስከ ገና መግባቷ ነበር። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

“ዜሮ” አለች።

ሩርድ ፓምፑን በእጅ ሊያስቆም ሲሮጥ እሷ ወደ ውጭ ወጣች። ተከተልኳት። በብስክሌት ነው የሄድነው፤ ጀልባ የሚሄድበት ውሃ አልነበረም።

የደቡቡን ቦይ እንደዚያ ቀን አይቼው አላውቅም። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ውሃው በነበረበት ቦታ ረጅም፣ ጥቁር፣ የሚያበራ ሜዳ ተዘርግቷል። በልጅነቴ የዋኘሁበት፣ እናቴ ልብስ ያጠበችበት ውሃ ሥር ምን እንዳለ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። ብስክሌቶች ነበሩ፣ ብዙ ብስክሌቶች፣ በዛጎል ተሸፍነው። አንድ ወንበር ቆሞ ነበር፣ ሰው እስኪቀመጥበት የሚጠብቅ ይመስል። ሽመላ መሃል ለመሃል እየተራመደ ያለችኮላ ዓሣ ይለቅማል። የመንደሩ ሰው ዳርና ዳር ቆሞ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ነበር።

የሄሰል ጀልባ ቤት በጎኑ ጋደል ብሏል። እሳቸው በዘመመው በር ላይ፣ አንድ እጃቸውን መቃኑ ላይ አድርገው ቆመዋል። ጎረቤቶች ከዳርቻው እስከ በሩ ረጅም ሳንቃ ዘርግተውላቸዋል። በሳንቃው ተሻገርን። ውስጥ ሁሉ ነገር ወደ አንድ ጥግ ሄዷል፤ መጽሐፉ፣ ድስቱ፣ የሟች ባለቤታቸው የዮከ ፎቶ። ዊትስከ ቁጭ በይ ስትባል አልተቀመጠችም።

“ሰኔ ላይ አይቼው ነበር” አለቻቸው። “ማስጠንቀቂያው ነግሮኛል። አንብቤው አለፍኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“የትኛው ነው?”

ነገረቻቸው፤ ውሃው ከዜሮ ትንሽ ሲወርድ ማሽኑ ከሁሉም የበዛ ውሃ አድርጎ እንዳነበበው፣ ፓምፑም ሌሊቱን ሙሉ ሲስብ እንዳደረ። ሄሰል ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟት። የሚፈልጉትን መስመር ጭንቅላታቸው ውስጥ ሄደው እንዳገኙት ገባኝ።

“ለምን አለፍሽው?”

“ውሃ ከወለል በታች አይወርድም ብዬ።”

“እኔም ያንኑ ነው ያልኩት” አሉ። “ቃል በቃል። ደግሞ እውነት ነበር፣ ባልኩበት ቀን። ማስጠንቀቂያው ግን ስለዚያ ቀን አልነበረም የሚያወራው።”

ድመቷ ከመስኮቱ ጠርዝ ታየናለች። ከዚያ ዊትስከ ለረጅም ጊዜ ልትጠይቃቸው የፈለገችውን ጠየቀች፤ ኮምፓይለሩን ለምን ዝም እንዳሰኙት። ክስ አልነበረበትም ድምፅዋ፣ እንዲያው ማወቅ የፈለገች ሰው ድምፅ ነው።

ሄሰል ጥጉ ላይ ወዳለው የዮከ ፎቶ አዩ።

“ዮከ የታመመች ዓመት ነው” አሉ። “ሆስፒታል ስሄድ አልጋዋ አጠገብ ያለው ማሽን ይጮሃል። ቢሮ ስመጣ ይሄኛው ይለፈልፋል። ሁለቱንም መስማት አልቻልኩም፤ ዝም ማሰኘት የምችለው አንዱን ብቻ ነበር። ሲሻላት እከፍተዋለሁ ብዬ ነው።”

ዊትስከ ያኔ ተቀመጠች። ወንበሩ ስለዘመመ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን አዘንብለው ነበር የተቀመጡት፣ ትከሻቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

“እርስዎ ከፈቀዱ ውሃው እስኪመለስ እየመጣሁ አይዎታለሁ” አለቻቸው።

“አንቱታውን ተይውና ነይ” አሉ። “እንዲህ ዘምሞ አንቱ መባል አያምርብኝም።”

እሷ ግን መተዉ አልሆነላትም። እኔም አልሆነልኝም፤ ይኸው እስካሁን አንቱ እላቸዋለሁ።

ኮዱን ማስተካከሉ ረጅም ሥራ አልነበረም። ከዜሮ በታች የማያውቀውን ቁጥር ከዜሮ በታችን አስተማረችው፤ ሊቆዩ ይችላሉ ብላ ያስቀመጠቻቸውን ሁሉ ደግሞ አውጥታ እንደገና አየቻቸው። ውሃውን መመለስ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከላይኛው ወንዝ በር ከፍተን ቀስ እያልን ነው የለቀቅነው፤ በኃይል ከመጣ ዳርቻውን ይንዳል። ቀጭን፣ ቡናማ ውሃ በጭቃው ላይ እየተሳበ መጣ። ብስክሌቶቹን አንድ በአንድ ሸፈናቸው። ወንበሩ ከሁሉም በኋላ ጠፋ።

ጀልባ ቤቱ ከጭቃው በተነሳበት ከሰዓት እዚያ ነበርኩ። የስኳር ዳቦ ቁራሽ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ስኳሩ ዳቦው ውስጥ እንክብል እንክብል ብሎ የሚቀረው ዓይነት፣ እኛ ለአራስ የምንወስደው። የምወስደው ሌላ ነገር አጥቼ ነው። ሄሰል ቡና ሲቀዱ ስኒው ስለተጋደለ ግማሽ ግማሹን ብቻ ነበር የሚሞላው። ዊትስከ ጭራሽ እንቅልፍ ወስዷት በዘመመው መቀመጫ ላይ ድመቷን አቅፋ ተኝታለች። ሳምንቱን በቅጡ አልተኛችም ነበር። እኛ በሹክሹክታ እያወራን ሳለ ብድግ ብላ ተቀመጠች።

“ተነሳ” አለች።

እኛ ምንም አልሰማንም፤ ምንም አልተሰማንም። ትንሽ ቆይቶ ግን ከእግራችን ሥር፣ ሰው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ የሚያሰኝ ድምፅ መጣ። ወለሉ በጣም በዝግታ ቀና አለ። የዮከ ፎቶ ከጥጉ ወደ መሃል ተንሸራቶ ቆመ። ሄሰል የቡና ማንቆርቆሪያውን አንስተው ስኒዎቹን እስከ አፋቸው ሞሉ።

ያን ክረምት ሄሰል ወደ ቢሮ መመላለስ ጀመሩ። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም ለምን መጡ አላላቸውም። ከዊትስከ ጎን ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። እሷ ማስጠንቀቂያውን ታነባለች፤ እሳቸው ያንን መስመር ሲጽፉ ምን አስበው እንደነበር ይነግሯታል። አንዳንዱን በትክክል ያስታውሱታል፤ የትኛው ዓመት እንደነበረ፣ ጎርፉ እስከ የት እንደደረሰ፣ ዮከ ምን ምሳ ቋጥራላቸው እንደነበር። ማንም ያልጠራው ስም ሲገኝ ሄሰል ለምን እንዳወጡለት ያወሩና ዊትስከ ታጠፋዋለች። እኔ ስልክ እያነሳሁ በአንድ ጆሮዬ እሰማለሁ። ውጭ ይጨልማል፣ በእኛ አገር ክረምት ከሰዓት የሚባል ነገር የለም። የአተር ሾርባ ከታች ወጥ ቤት ይሸታል።

አንድ ቀን ኮምፓይለሩ ጀምሮ እስኪጨርስ አንድም ነገር ሳይጽፍ ቀረ። ዊትስከ ደግማ አስጀመረችው። ያው ነው። ሄሰል መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን አዩ።

“አሁን ዝም ያለው የሚለው አጥቶ ነው” አሉ።

ሩርድ ኬክ ገዛ። ከዚያ ቀን ጀምሮም ደንብ ወጣ፤ ኮምፓይለሩ አንዲት ማስጠንቀቂያ እንኳ ካለችው ተርጉሞ እንዳያልፍ፣ እንደ ስህተት ቆጥሯት እንዲቆም ተደረገ። ሐሳቡ የዊትስከ ነው። ሩርድ አንድ ቀን ሳይቆጨው አይቀርም ብዬ ነበር፤ የካቲት ላይ ያልኩት ደረሰ።

ያን ጊዜ ለዓመታት ያላየነው ብርድ መጣ። ቦዮቹ በረዶ ሆነው ጠነከሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፓምፖቹ መተኛት አለባቸው፤ ከበረዶው ሥር ውሃ ከተሳበ በረዶው አየር ላይ ይንጠለጠልና ይሰነጠቃል፣ የሚንሸራተተው ሰውም አብሮ ይገባል። የበረዶ መንሸራተት ማኅበሩ ሊቀመንበር ፎከ ስልኬን አላሳርፍ አለ። ልጆቹ የመንሸራተቻ ጫማቸውን ብረት አስለው ጨርሰዋል፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከልጆቹ ብሰዋል፣ ምን ትጠብቃላችሁ ይለኛል። ዊትስከ ፓምፖቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስተኛ አዲስ ትእዛዝ ጻፈች። ኮምፓይለሩ አልተረጉምም ብሎ ቆመ።

“ምን አለ?” አላት ሩርድ።

“አንድ ማስጠንቀቂያ።”

“ስህተት ነው?”

“ማስጠንቀቂያ ነው።”

“ዊትስከ፣ ሰዉ እኮ ጫማውን አጥልቆ ዳር ላይ ቆሟል። ለዛሬ እለፊው፣ ሰኞ ታዪዋለሽ።”

እኔ የፎከን ስልክ ይዤ ነበር። ዊትስከ ከወንበሯ አልተነሳችም፣ አልተቆጣችም። የፈሰሰ ውሃ የምታይ ይመስል ስክሪኑ ላይ ፈዛ ቀረች። ሩርድ ሊደግምላት አፉን ሲከፍት ሄሰል ክንዱን ያዝ አደረጉት። ረጅም ጊዜ የሆነ መሰለኝ።

“‘ከዚህ ወደሚቀጥለው ያለ ማቆሚያ ይፈስሳል’ ይላል” አለች በመጨረሻ።

የበረዶውን ትእዛዝ ጽፋ ስትጨርስ “እዚህ ቁም” የምትለዋን ቃል ረስታለች። ማሽኑ የበረዶውን ትእዛዝ ፈጽሞ እዚያው መቆም ሲገባው፣ ቀጥሎ ወደተጻፈው ማለፉ ነው። ቀጥሎ የተጻፈው ደግሞ በረዶ ሲቀልጥ የሚሠራው ነው፤ ፓምፖቹን ሁሉ በሙሉ ኃይል ያስነሳል። ሩርድ ነገሩ ሲገባው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዊትስከ የጎደለችውን ቃል ጨመረች። ኮምፓይለሩ ያለ አንዲት ቃል ጨረሰ። ለፎከ ውጡ አልኩት።

ከምሳ በኋላ ቢሮውን ዘግተን እኛም ወጣን። መንደሩ በሙሉ በረዶው ላይ ነበር። ሰማዩም በረዶውም አንድ ዓይነት ግራጫ ስለነበሩ ሰው የት ላይ እንደቆመ አይታወቅም፤ ከሩቅ ሲያዩት የሚንሸራተተው ሁሉ ምንም ሳይነካ የሚያልፍ ይመስላል። ድምፁ ግን ነበር፤ የብዙ ብረት ሹል በረዶ ሲልስ የሚያሰማው ረጅም ሹክሹክታ። ሄሰል ጉልበታቸው እንቢ ስላላቸው ዊትስከ የወጥ ቤት ወንበር አውጥታ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አስቀመጠቻቸውና ከኋላ እየገፋች ይዛቸው ሄደች። ሕፃናት መንሸራተት ሲማሩ ወንበር ይገፋሉ እንጂ ሰው ተቀምጦበት አይሄድም። ፎከ ሲያያቸው፣ “ሄሰል፣ የሙሽራ መኪና ተከራየህ እንዴ?” ብሎ ተረባቸው። እሳቸው እጃቸውን እንደ ንጉሥ አውለበለቡለት።

ቦዩ ሲታጠፍ ከዓይኔ ጠፉ። እስኪመለሱ ብዙ ቆየሁ፤ አልበረደኝም።

ዊትስከ አሁንም እኛ ጋ ናት። ከተማ ያለው ትልቁ መሥሪያ ቤት ጠርቷት ነበር፣ ሄዳ አየችና ተመለሰች፤ መስኮታቸው የሚያየው ግድግዳ ነው አለችኝ። ሄሰል ጉልበታቸው ሲብስ ሌዋርደን ከተማ ያለችው ልጃቸው ዘንድ ገቡ። እሑድ እሑድ ትሄድላቸዋለች።

ያ በረዶ እስኪቀልጥ ድረስ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። እንዲህ ያለ ጥሩ በረዶ ሰጠን ብሎ ሰዉ ብርዱን አመሰገነ።